ጋሼ እንድሪስ እና የበረዶ ጫማዬ

ባለፈው ሳምንት የምሳ ዕቃዬን ክዳን የጋለ ምድጃ ላይ ጥዬው ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ስመለስ ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይሳባል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ፎጣ ይዛ ጣሪያው ሥር ትዘላለች። መስኮት መክፈት ሲገባኝ ቆሜ አሸተትኩት። የጋለ ፕላስቲክ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ለእኔ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ያሳለፍኩት ክረምት፣ አጎቴ ጋሼ እንድሪስ ሜልበርን የመጡበት ክረምት ነው።

ጋሼ እንድሪስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አያቴ ቀድመው ስለሞቱ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እኛ ቤት ጋሼ ያሉት ነገር አይታጠፍም። ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ አባቴ ቪዛ አስጨርሶ ክረምቱን ከእኛ ጋር እንዲያሳልፉ አመጣቸው። አንድ ስስ ኮት ለብሰው ዋይንድሃም ቬል ደረሱ። ሰፈራችን ገና አዲስ ነበር። ዛፎቹ በእንጨት ተደግፈው የቆሙ፣ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው የማይለዩ። ጋሼ በእግር ወጥተው ሲመለሱ የእኛ መስሏቸው የጎረቤቶቻችንን የህንዶቹን በር አንኳኩ። ሰዎቹ ሻይ አቀረቡላቸው። እሳቸውም እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ገብተው ጠጡ።

እንዲህ ዓይነት እንግዳ ነበሩ። ምንም ነገር አያማርሩም። «ጋሼ፣ ምግቡ እንዴት ነው?» ስትሏቸው «አልሀምዱሊላህ» ነው። «ክፍሉስ ተመቸዎት?» ስትሏቸው «ከመመቸትም በላይ» ነው። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ወደ እኔ ዞር ትልና «አየሽ የሰው ልጅ አስተዳደግ?» ትለኛለች። እኔ ያን ክረምት የማማርረው ነገር ስለነበረኝ ነው።

ትምህርት ቤታችን ልጆችን ለአንድ ሳምንት በረዶ ተራራ ላይ ስኪ ሊያስተምር ይወስድ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጉዞ የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ለምን እንደፈለግኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። በረዶ ያየሁት ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ ጉዳዩን ስትሰማ ያለችው «ሁለት ጣውላ እግር ላይ አስሮ ከተራራ መውደቅ፣ ይህን ነው ትምህርት የሚሉት?» ነው።

ከዚያ ምክንያቶቿ ተራ በተራ መጡ። መጀመሪያ ምግቡ ሀላል አይደለም አለች። የስፖርት አስተማሪያችን፣ ሚስ የምንላት፣ ደውላ ሀላል እንደሚያዘጋጁ ነገረቻት። ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ናቸው አለች። ሚስ የማደሪያውን ፎቶ ላከችላት፤ ለየብቻ ነው። ሰላት አለ አለች። ሚስ ባዶ ክፍል አለ አለች። በመጨረሻ እናቴ «ጫማ የላትም» አለች፤ ይሄኛው እውነት ነበር። ሚስ ግን በነጋታው አንዲት ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ትታው የሄደችውን የስኪ ቡትስ በትልቅ ከረጢት ይዛልኝ መጣች።

ጋሼ እንድሪስ ከረጢቱን ለማንሳት ሞከሩና መልሰው አስቀመጡት። ውስጡን አይተው «ይሄ ጫማ ነው ወይስ የመኪና ዕቃ?» አሉ። ነጭ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ከፊት ለፊቱ በወይን ጠጅ ቀለም የተሠሩ ትልልቅ የብረት መቆለፊያዎች አሉት። እግሬን ሳስገባው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን አጥንት እንደ መሰርሰሪያ ወጋኝ። ለሚስ ስነግራት እግሬን አየች፤ አጥንቴ ወደ ውጭ ይወጣል። «ይህ ፕሮፌሽናል ያስፈልገዋል» አለችና ሲቲ ውስጥ ላለ ሰው ለቅዳሜ አፖይንትመንት ቡክ አደረገችልኝ።

ፕሮፌሽናል፣ አፖይንትመንት፣ እግር። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሰማ ልጅ ምን ያስባል? ቤት ገብቼ «የእግር ስፔሻሊስት ጋ ቀጠሮ ተይዞልኛል» አልኩ። እናቴ ወዲያው ሐኪም ፊት ለሚቀርብ ሰው የሚገባውን ዝግጅት ጀመረች። ዓርብ ማታ እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነከረችና ተረከዜን በድንጋይ ፈግፍጋ፣ ጥፍሬን ቆርጣ፣ ቫዝሊን ቀባችኝ። «ዶክተር ፊት እንዲህ ያለ እግር ይዘሽ እንዳታዋርጂኝ» አለች። መንግሥት ለሕክምና የሚከፍልበትን የሜዲኬር ካርዱንም አውጥታ ለጋሼ ሰጠቻቸው።

አባቴ ከባድ መኪና ይነዳ ስለነበር አድሌድ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ ቅዳሜ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ኤጅድ ኬር፣ ሺፍት አላት። ስለዚህ እንዲህ ስትል ፈረደች፦ «ጋሼ ይዘውሽ ይሂዱ። ጫማውን አይተው ትሂድ ካሉ፣ እኔ ምንም አልልም። አይሆንም ካሉም ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ጨዋታውን ያሸነፈ ሰው ፈገግታ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ጫማ ላይ ያላቸውን አቋም ታውቃለችና።

አቋሙን ባቡር ውስጥ በሰፊው ሰማሁት። ጋሼ በግምጃ ቤት ዘመናቸው ለሠራተኛው ሁሉ የሥራ ጫማ ያድሉ ነበር። «ጠበበኝ ብሎ ጫማ የመለሰልኝ ብዙ ነው» አሉኝ። «ሰፋኝ ብሎ የመለሰ አንድም ሰው አላስታውስም። ሰፊ ጫማ ካልሲ ይጨመርበታል፣ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ያድግበታል። ጠባብ ጫማ ምን ይደረጋል? ለእግር ጠላት መግዛት ነው።» እናቴም በዚሁ ሃይማኖት ስለምታምን እስከዚያ ዓመት ድረስ ልኬ የሆነ ጫማ አድርጌ አላውቅም። ሁልጊዜ የምሄደው ወደፊት ልሆናት በምችላት ልጅ ጫማ ነበር። ሚስ ደግሞ የስኪ ጫማ ጥብቅ ካላለ አይሆንም ብላ አስጠንቅቃኛለች። 

ክሊኒክ ብለን የጠበቅነው ሱቅ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው ላይ የበረዶ ጣውላዎች ተደርድረዋል። ነርስ የለም፣ ወረፋ የለም። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሽርጥ ያሰረ ሰው ከኋላ ብቅ አለና ኮሊን እባላለሁ አለ። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው በሁለት እጅ ጨበጡት። ካርዱን ከኪሳቸው አውጥተው «ስጫቸው» አሉኝ። ኮሊን የሜዲኬር ካርዴን ተቀበለ፣ አየው፣ ገልብጦም አየው። ከዚያ በክብር መለሰልኝና መንግሥት ለጫማ መክፈል ገና አልጀመረም አለ። ሐኪም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው «ዶክተር» አሉት።

ኮሊን ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ራሱ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቱ ቋ ሲል ሦስታችንም ሰማን። እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ሲያገላብጥ ጋሼ ብድግ አሉ።

«ሀያት፣ እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው ጋሼ?»

«አትጠይቂ፣ እያየሁት ነው። የእኔ እኩያ ናቸው። እኩያዬ መሬት ላይ ተንበርክከው አንቺ ከላይ ጉብ ብለሻል። ተነሽ።»

ተነሳሁ። ኮሊን ቀና ብሎ ችግር አለ ወይ አለኝ። አጎቴ ወለሉ እንዳይቀዘቅዝህ ብሎ ነው አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ወለል ላይ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ አለ።

«ምን አሉ?»

«ለምጄዋለሁ አሉ።»

«እንዲህ ያለውን ነገር መልመድ ደግ አይደለም በያቸው።»

አጎቴ በጣም ያመሰግናል አልኩት። ኮሊን ፈገግ ብሎ እጁን ለጋሼ ዘረጋ። ጋሼ ጨበጡትና በመጠርጠር አዩኝ።

ኮሊን መልሶ ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጠኝ የካልሲ ጉዳይ መጣ። ኮሊን አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አለ። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ እናቴ የላከቻቸውን ሦስት ወፍራም የሱፍ ካልሲዎች አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ኮሊን ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አጥፎ መልሶ ሰጣቸው። ጋሼ እንደገና አስቀመጡ። እሱም እንደገና መለሰ፣ ካልሲ በበዛ ቁጥር እግር ይቀዘቅዛል ብሎ። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ሰውየውን ትኩር ብለው አዩት።

«እኚህ ዶክተር ዲግሪያቸውን ከየት ነው ያገኙት?»

አጎቴ ልምድህ ስንት ዓመት ነው እያለ ነው አልኩት። ኮሊን ደስ አለውና ተራራ ላይ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ሁሉንም ዘረዘረ። «ምን አሉ?» አሉኝ ጋሼ። «ብዙ ዓመት ነው» አልኳቸው።

እግሬ ቡትሱ ውስጥ ገባ። ኮሊን መቆለፊያዎቹን ጠርቅሞ ቁሚ አለኝ። ጋሼ ቀርበው ከተረከዜ ኋላ ጣታቸውን ለማስገባት ሞከሩ። ይህ የእሳቸው መለኪያ ነው፤ ሁለት ጣት ካልገባ ጫማ አይወጣም ነበር ከግምጃ ቤታቸው። ሌባ ጣታቸው አልገባም። ትንሿ ጣታቸውም አልገባችም። ኮሊን ደግሞ በኩራት፣ ቀጥ ብላ ስትቆም የእግሯ ጣቶች የጫማውን ጫፍ መንካት አለባቸው፣ ጉልበቷን ስታጥፍ ብቻ ይለቋታል አለ።

«ይነካል?» አሉኝ ጋሼ።

«ይነካል።»

«ታዲያ ሞልቷል እኮ። በሚቀጥለው ወር ጣቷን የት ታስቀምጠዋለች? እኔ እንዲህ ያለ ጫማ አድዬ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛው ሰልፍ ይወጣብኝ ነበር። እንደዚህ በያቸው።»

አጎቴ ሥራህን በጣም አደነቀ አልኩት። ኮሊን ተነስቶ ሄዶ ለጋሼ ብስኩት በሳህን ይዞ መጣ። ጋሼ ሳህኑን ተቀብለው «ሀያት፣ አንቺ ምን እያልሽ ነው እኚህ ሰውዬ በተቆጣኋቸው ቁጥር የሚያከብሩኝ?» አሉ።

ያን ጊዜ ኮሊን የቡትሱን ለስላሳ የውስጥ ሽፋን አውጥቶ ትንሽ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሞቆ ሲለሰልስ የእግሬን ቅርጽ ይይዛል አለ። ሽታው ሱቁን ሞላው። ሙቅ ሙቁን እግሬ ላይ አጠለቀው፣ ቡትሱን ቆለፈልኝና እንደገና ተንበረከከ፤ ቋ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። የሚያምሽ ቦታ አለ?

አጥንቴ እየነደደ ነበር። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሰው ሚስማር አስቀምጦ በመዶሻ የሚመታኝ ይመስለኛል። እኔ ግን «ኖ፣ ፐርፌክት» አልኩ።

ምን ልበል? እኔን ያሳደገኝ ቤት ውስጥ «ጥሩ ነው?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው። ለእኔ ብሎ ምድጃ ያቀጣጠለ፣ ለእኔ ብሎ ጉልበቱን የሰበረ ሽማግሌን እንዴት ብዬ አልተመቸኝም ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ከይሉኝታውም በላይ ግን ፍርሃት ነበር። ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል። አመመኝ ብል ጫማው አይሆንም ይላሉ። ጫማው ካልሆነ ሰኞ አውቶቡሱ ያለ እኔ ይሄዳል። ኮሊን እንደገና ጠየቀኝ፣ ቁርጭምጭሚትሽ ጋስ? «ኖ።» እርግጠኛ ነሽ? «ይስ።» እንግዲያው ጨርሰናል ብሎ ለመነሳት ወንበሩን ያዘ።

«ይቆዩ በያቸው» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ብስኩቱን አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ሰበሰቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። «የእኛ ልጅ ባዳ ፊት ያመኛል አትልም። እኔ ልየው» ብለው የቡትሴን መቆለፊያ ያዙ። ኮሊን መቆለፊያው እንዳይሰበር ደነገጠና እሱም ያዘው። «ፕሊስ» አለ። «ፕሊስ» አሉ ጋሼ። አንዱ ወደዚህ በትህትና ይጎትታል፣ ሌላው ወደዚያ በትህትና ይጎትታል፤ እግሬ መሃላቸው ነው። ጣውላ ሊገዙ የገቡ ጎረምሳና ሴት ልጅ ቆመው ያዩናል። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ ግን በዚያ ጫማ መሬትም የምታስገባኝ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ጋሼ አሸነፉ። ቡትሱን ከፈቱና እጃቸውን ውስጥ ሰደዱ። ጣታቸው አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ሳልፈልግ ጥርሴን ነከስኩ። የራሳቸውን ሱሪ ወደ ላይ ሰብስበው ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩኝ። ያው አጥንት ነው፤ ልክ እንደኔው ወደ ውጭ የወጣ።

«ይህች የአባቴ ናት» አሉ። «አባትሽም አለችው። ጠባብ ጫማ ስታገኝ ታብዳለች። ያምሻል?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ሀያት። እኚህ ሰው ባዳ ናቸው፤ ለእሳቸው ደህና ነኝ ማለትሽ ደግ ነው። እኔም ባዳ ነኝ?»

እንባዬ መጣ። «ያመኛል ጋሼ። በጣም ያመኛል። ግን ካመመኝ አትሄድም ይላሉ።»

 ጋሼ ወደ ኮሊን ዞሩ። ሰዓቱን ሙሉ በእኔ በኩል ሲያወሩ የቆዩት ሰውዬ፣ ግምጃ ቤት ያስተማራቸውን እንግሊዝኛ አወጡ።

«ዶክተር። ፔይን፣ ይስ። ሺ ላየር።» ደረቴን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ጉድ ገርል። ላየር።» ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ውሸታም ማለታቸው ነው።

ኮሊን እኔን አየኝ፣ ጋሼን አየ። ከዚያ እየሳቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከእሷ የባሱም ገጥመውኛል አለ፤ ፐርፌክት ብለው ሄደው እያነከሱ የተመለሱ ጎልማሶች አሉ። ከሽርጡ ኪስ ያወጣው ነገር ግን ጋሼን አስደነገጣቸው። ቀይ ሊፕስቲክ ነው። አጥንቴ ላይ ቀባው፤ እግሬን ቡትሱ ውስጥ ከትቶ ሲያወጣው ፕላስቲኩ ውስጥ ቀይ ነጥብ ቀረ። ችግሩ ያለበት ቦታ ያ ነው። ጋሼ ጠጋ ብለው «ሊፕስቲኩ የራሳቸው ነው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ኮሊን ያን ቦታ በሞቃት አየር እያጋለ፣ እንደ መቆንጠጫ ባለ መሣሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋው። የጋለው ፕላስቲክ ሽታ ያን ጊዜ ነው አፍንጫዬ ውስጥ ለዘላለም የተቀመጠው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥራውን ከላይ ከታች ተቆጣጠሩ። መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጫማው ለእግሩ ሲታዘዝ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ሲቀዘቅዝ አደረግኩት። ጥብቅ ነው፤ ግን አያምም። ሱቁ ውስጥ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያልኩ ተራመድኩ። ኮሊን እንዴት ነው ሲለኝ ወደ ጋሼ ተመለከትኩና ግራው ትንሽ ይቆረቁረኛል አልኩ። ግራውንም አስተካከለው። ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል አሉ፤ ለእኔ ነበር።

«ተራራው ላይ ቢያምሽ ለማን ትናገሪያለሽ?»

«ለሚስ።»

«እንደ ዛሬው ፐርፌክት እያልሽ ነው?»

«አይደለም። እናገራለሁ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ስልካቸውን አውጥተው ለእናቴ ደወሉ። ስፒከር ላይ ስለነበር የኤጅድ ኬሩ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል። «ትሄዳለች» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ።  «እርስዎ ካሉ ጋሼ፣ እኔ ምን እላለሁ» አለች እናቴ። ድምጿ ቀጭን ነበር። ተቆጣች ብዬ አሰብኩ።

ባቡር ውስጥ ከረጢቱን በእግሮቻችን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ልቤ ስለቀለለው ነው መሰለኝ ደፈርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎስ? የማይመችዎት ነገር የለም?»

ፉትስክሬይ ጣቢያ ላይ «አልሀምዱሊላህ» አሉ። ሰንሻይን ላይ ኮታቸውን ቆለፉ። ታርኒት ስንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ክፍሉ ይበርዳል» አሉ።

«ምን ያህል?»

«ኮቴን ለብሼ ነው የምተኛው። ከመጣሁ ጀምሮ።»

ለካ አባቴ ለእሳቸው ክብር ገዝቶ የገጣጠመው ቁም ሣጥን የማሞቂያውን ቀዳዳ ደፍኖታል። ቤት እንደገባን ሁለታችን ሣጥኑን ገፋነው፤ ሙቅ አየር ፊታቸው ላይ ሲነፍስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

ማታ እናቴ ከሥራ መጥታ ሻይ አቀረበች። ጋሼ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ዘይነባ፣ ስኳሩ ይበዛብኛል» አሉ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ዛሬ ነው ጋሼ?»

«ሁልጊዜ። ሌላም አለ። ባልሽ መኪና ሲነዳ ከኋላ ሆኜ በፍርሃት ቁርአን፣ ያሲን ነው የምቀራው። ቴሌቪዥኑም ይጮኻል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አደረጋችሁብኝ ሰውዬውን? ዶክተሩ ምን ሰጣቸው?»

ጋሼ ግን ተራውን ለእሷ አሳለፉ። «አንቺስ ዘይነባ? ስልክ ላይ ድምፅሽን ሰምቻለሁ።»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ብቻ ምግቡ ሀላል...»

«ሀላል ነው እማ» አልኩ።

«ወንዶቹስ...»

«ለየብቻ ነው።»

«ታዲያ ብርዱ...» አለችና ቆመች። የታጠበ ልብስ የተከመረበት ሶፋ ላይ፣ ልብሱ ላይ ተቀመጠች። «እፈራለሁ» አለች። «በቃ፣ እፈራለሁ። ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ብትወድቅ እኔ አልሰማ። አባቷ መንገድ ላይ፣ እሷ ተራራ ላይ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስልክ ሳይ።»

ያን ክረምት ሙሉ የተቆጣችኝ ይመስለኝ ነበር። ከሀላሉም፣ ከሰላቱም፣ ከጫማውም በስተጀርባ ያለው ይህ ብቻ መሆኑን ያን ምሽት ነው የሰማሁት። አንጀቴን በላችው። ሄጄ አጠገቧ፣ ልብሱ ላይ ተቀመጥኩና «እማ፣ እቀራለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ገልመጥ አደረገችኝ። «ማን ቅሪ አለሽ? ፈራሁ ነው ያልኩት።»

ጋሼ ሻያቸውን ወደ እሷ ገፋ አድርገው «ይህን ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ እኔም ከዶክተሩ ጋር መሬት ላይ አልጓተትም ነበር» አሉ። እናቴ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጋሼ አልመጡም፤ የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ሙቅ ክፍላቸው ውስጥ ተመልሰው ተኝተዋል። እናቴ የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ ሻንጣዬን በአንድ እጅ፣ የቡትሱን ከረጢት በሌላው ይዛ ቆማለች። ወላጆች ሁሉ ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሚስ ስም እየጠራች ወደ እኛ ደረሰችና በዚያ በለመደችው ፈገግታ «ኦል ጉድ፣ መም?» አለች።

እናቴ አገሩ ከገባች ጀምሮ ይህን ለጠየቃት ሁሉ፣ ለሐኪሙም ለጎረቤቱም ለባቡር ተቆጣጣሪውም፣ «ጉድ፣ ጉድ፣ ታንክዩ» ነበር የምትለው። ያን ቀን አውቶቡሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ኖት ጉድ» አለች።

የሚስ ፈገግታ ጠፋ። ምን ሆነሽ ነው፣ እንነጋገር ወይ፣ ሀያት ትቅር ወይ ማለት ጀመረች።

«ኖ» አለች እናቴ። «አይ አም ስኬርድ። ቬሪ ስኬርድ። ሺ ጎ።»

ከዚያ ሹፌሩ ሊያግዛት ሲመጣ በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ ያን የሚከብድ ከረጢት ራሷ አንስታ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አስገባችው።